ሽቶ የማይነካው ልብስ

ስለ መንፈስ ዕረፍት የተጻፉ መጻሕፍት ብዙ አንብቤያለሁ። መጥፎዎች አይደሉም። ችግራቸው አንድ ነው፤ አብዛኞቹን የጻፏቸው ሰዎች ሸሚዛቸውን ሌላ ሰው የሚተኩስላቸው ናቸው። ጸጥ ያለ ክፍል ፈልግ ይሉሃል፣ መስኮቱን ክፈት፣ በረጅሙ ተንፍስ ይሉሃል። እኔ ጉልበቴን የጨረስኩት ጅዳ ውስጥ በልብስ እጥበት ቤት ነው። እዚያ በረጅሙ የተነፈሰ ሰው የሚያገኘው በረኪና ነው።

ይህን የምጽፈው ሥራ ስላቆምኩ ነው። የቀኝ ትከሻዬ ካውያ አልሸከምም ካለ ሰንብቷል። በዚያው ሰሞን እጥበት ቤቱ አንሶላውን በአንድ በኩል እርጥቡን ጎርሶ በሌላ በኩል ተተኩሶና ታጥፎ የሚያወጣ ማሽን አስገባ። ማሽኑ ትከሻ የለውም፣ ኢቃማ የሚሉት የመኖሪያ ፈቃድም አይታደስለትም። ተከራክሬ እንደማላሸንፈው ስለገባኝ የመጨረሻ መውጫ ቪዛዬን አስመትቼ አገሬ ገባሁ።

በመጣሁ በጥቂት ሳምንት የሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን ወጣቶች "በዐረብ አገር እምነትዎን እንዴት ጠበቁ? ይንገሩን" ብለው ጋበዙኝ። ፊታቸውን ሳየው የሚጠብቁት ነገር ገባኝ። ወይ መከራ ነው ወይ ተአምር፤ ቢቻል ሁለቱም፣ መጨረሻው ላይ እልልታ ያለበት። እኔ ያለኝ ግን የካውያ ታሪክ ነው። ነገርኳቸው። በጨዋ ደንብ አጨበጨቡልኝ። አንዱ ግን ሲወጣ ለጓደኛው "ሰውየው ልብስ አጣቢ ነበሩ ማለት ነው?" ሲል ሰማሁት። አዎ፣ ነበርኩ። ለዚያውም ጎበዝ።

መጀመሪያ የተቀጠርኩት ሩዋይስ በሚባል የጅዳ ሰፈር ውስጥ ነው፣ የባሕሩ ሽታ እንጂ ባሕሩ የማይደርስበት ጠባብ መንገድ ላይ። አገሬ የታሪክ መምህር ነበርኩ። ጅዳ የገባሁት ደግሞ በሹፌርነት ቪዛ ነው፣ መንዳት ሳልችል። ሱቁ የአንድ የመናዊ ነበር፣ አቡ ናስር ይባላል። ቀኑን ሙሉ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ "ያላ፣ ያላ" ሲል ይውላል፤ ከሁላችንም በጣም የሚደክመውም እሱ ነበር።

ሥራውን ያስተማሩኝ ጋሽ ሰይድ ናቸው። እናትና አባታቸው ከወሎ ለሐጅ መጥተው እዚያው ቀርተዋል፤ እሳቸው የተወለዱት መካ፣ መንሱር በሚባለው ሰፈር ነው። ቤታቸው ዛሬም እዚያው ነው። በየጠዋቱ በአሮጌ መኪናቸው ጅዳ ይወርዳሉ። "መካ መኖሪያ ናት፣ ጅዳ መሥሪያ" ይላሉ። አማርኛቸው ከእናታቸው ጋር ከወሎ የወጣና ከዚያ ወዲህ ያልታደሰ ነው። ወረቀትና ገንዘብ ሲሆን በዐረብኛ፣ ስድብና ምርቃት ሲሆን በአማርኛ ይናገራሉ።

የመጀመሪያው ሕጋቸው "ካውያ ይዘህ አፍህን አትክፈት" የሚል ነበር። ራሳቸው መናገር ሲፈልጉ መጀመሪያ ካውያውን ያቆማሉ፣ እጃቸውን በፎጣ ይጠርጋሉ፣ ከዚያ ይናገራሉ። በዚህ ምክንያት ቁጣ ከአፋቸው ሲወጣ ሁልጊዜ ቀዝቅዞ ነው። ሁለተኛው ልማዳቸው መዳፍ ነው። ብረቱ ከመንካቱ በፊት መዳፋቸውን ጨርቁ ላይ ያሳርፋሉ፤ በሽተኛ ልጅ ግንባር እንደሚነካ ሰው። እርጥበቱን፣ ውፍረቱን፣ ንጹሕ ጥጥ ይሁን ቅልቅል፣ የትኛው ቦታ ላይ እንደሳሳ ያንን ጊዜ ያውቁታል። እኔ መምህር ስለነበርኩ ይህን ሁሉ በቃል እንዲያስረዱኝ ጠየቅኳቸው። "በቃል የሚተኮስ ልብስ አላውቅም" አሉኝ።

የዐረብ ረጅም ቀሚስ፣ ቶብ የሚሉት፣ ሲታይ ቀላል ነው፣ ሲተኮስ ግን ሰው ያዋርዳል። አንገትጌው ከጫፉ ወደ መካከል ነው የሚሄደው፤ ከመካከል ወደ ጫፍ የገፋኸው እንደሆነ ሽብሽቡ ሁሉ ጫፉ ላይ ተሰብስቦ ይጠብቅሃል። ቀጥሎ እጅጌ፣ ቀጥሎ ጀርባ፣ ደረቱ መጨረሻ፤ የሚታየው ደረቱ ነውና ቀድመህ ብትሠራው በኋላ ስታገላብጠው ታበላሸዋለህ። ራስ ላይ የሚደረገው ነጩ ጉትራ ደግሞ ስታርች ይጠጣል። ግንባር ላይ የምትቆመው እጥፋት እንደ ጎጆ ጣራ ቀጥ ብላ ካልቆመች ባለቤቱ ሠርግ ቤት አይገባም። ሦስተኛው ዓመት ላይ የኔ ጉትራ በመንገድ ሲያልፍ አውቀው ነበር። ሰውየውን አላውቀውም፣ እጥፋቱን ግን አውቀዋለሁ። ደራሲ በአውቶቡስ ውስጥ የራሱን መጽሐፍ የሚያነብ ሰው ሲያይ እንዲህ የሚሰማው ይመስለኛል።

መጀመሪያ ግን ንዴት ነበር። በዚያን ዘመን አዛን ሲባል ሱቅ ይዘጋል። አቡ ናስር መብራቱን ያጠፋል፣ የብረት መዝጊያውን ያወርድና ከጋሽ ሰይድ ጋር ወደ መስጊድ ይሄዳሉ፤ እኔ ውስጥ እቀራለሁ። ማራገቢያውም አብሮ ይጠፋል። ጨለማው ውስጥ ብረቱ ሲበርድ ጠቅ ጠቅ ሲል እየሰማሁ እቀመጣለሁ። ያንን ጊዜ የምጠቀምበት ለመራገም ነበር። ደላላውን፣ ሙቀቱን፣ አቡ ናስርን፣ የተውኩትን ጥቁር ሰሌዳ በየተራ አነሣቸዋለሁ። መዝጊያው ሲከፈት ከገባሁበት ይልቅ ደክሜ እወጣለሁ።

አንድ ቀን ጋሽ ሰይድ ከመስጊድ ሲመለሱ ካውያ ሳይዙ ፊቴ ቆሙ።

"እኛ ስንሄድ አንተ እዚህ ምን ትሠራለህ?"

"እጠብቃለሁ።"

"ምኑን?"

"ሱቁን።"

"ሱቁንማ ቁልፉ ይጠብቀዋል። ወላሂ ካንተ ይሻላል፤ ቁልፍ አያጉረመርምም። አንተ ተሾመ፣ ሰዓቱን እኮ በነፃ ነው የሰጡህ። አንተም ወደ ጌታህ ዙር እንጂ።"

"እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ ጋሽ ሰይድ።"

"እና? ክርስቲያን ጌታ የለውም?"

በሚቀጥለው አዛን መዝጊያው ሲወርድ ተነሥቼ ቆምኩ። ምሥራቅ በየት በኩል እንደሆነ የጠየቅኩት እሳቸውን ነው። ሳቁ። ለካስ ከጅዳ ሲታይ መካም በምሥራቅ በኩል ናት። እሳቸው ወደ መካ፣ እኔ ወደ ምሥራቅ ስንዞር ሁለታችንም የምናየው ያንኑ ግድግዳ ነበር፣ የልብስ መስቀያዎቹ ያሉበትን።

ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀውን ጸሎት ነበር የምለው፣ እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ፣ ደጋግሜ። ራእይ አላየሁም። ብርሃን አልወረደም፤ የወረደው ላብ ነው። ግን አንድ ሙያተኛ የሚያውቀው ነገር ሆነ። ደረቅ ጨርቅ ላይ የቱንም ያህል የጋለ ብረት ብትጭን ሽብሽቡን አታወጣውም፣ ታቃጥለዋለህ እንጂ። መጀመሪያ ውሃ ይረጫል። ትንሽ ይጠበቃል። እርጥበቱ ወደ ውስጥ ሲገባ ጨርቁ ራሱ ይለቃል፣ ከዚያ ብረቱ ሲያልፍ ሥራው አልቋል። ያ የጨለማ ሰዓት ለኔ የተረጨ ውሃ ነበር። መዝጊያው ሲከፈት ሙቀቱም አቡ ናስርም ያው ናቸው፤ እኔ ግን አልቃጠልም። ስለ መንፈስ መታደስ የማውቀው ይህን ያህል ነው፤ ከዚህ በላይ የሚያውቅ ሰው ቢያስተምረኝ ደስ ይለኛል፣ ሸሚዙን ራሱ የሚተኩስ ከሆነ።

ወጣቶቹ ጾም ከብዶኝ እንደሆነ ጠየቁኝ። እንዲያውም ጾምን እንደዚያ አገር ሰው የሚረዳው አልገጠመኝም። ከሱቃችን ቀጥሎ የነበረው ፉል ቤት ባለቤት ረቡዕና ዓርብ ሲሆን ሳልናገር ቅቤውን ትቶ በዘይት ይሠራልኝ ነበር። ያሳዘነኝ ጾሙ ሳይሆን በዓሉ ነው። ልደትም ፋሲካም የሥራ ቀን ናቸው፤ የትንሣኤን ጠዋት የሰው ሱሪ ስተኩስ ነው ያሳለፍኩት። ዓርብ ዓርብ ግን ሩዋይስ ውስጥ አንድ ክፍል እንሰበሰባለን፣ የቤት ሠራተኞች፣ ሹፌሮች፣ እኔ። ጎረቤት እንዳይሰማ በሹክሹክታ እንዘምራለን። በሹክሹክታ ሲዘመር ድምፅ አሳማሪ የሚባል የለም። ሁሉም እኩል ነው፤ ስለዚህ እዚያ ክፍል ዘማሪ ተጣልቶ አያውቅም።

ዓመታት አለፉ። አቡ ናስር ሱቁን ሸጠ፣ እኔና ጋሽ ሰይድ ወደ አንድ ትልቅ እጥበት ቤት ገባን። ኩዳይ ከሚባለው የመካ ሰፈር ሆቴሎች አንሶላና ፎጣ እየመጣ ጅዳ የሚታጠብበት ነው። ጋሽ ሰይድ ካውያ ከብዷቸው ስለነበር የጭነት መኪናውን ያዙ፣ የትኮሳውን ክፍል ለኔ ተዉልኝ። ወደ መካ የሚወስደው መንገድ አንድ ቦታ ላይ ይከፈላል፤ ሙስሊም ያልሆነ ሰው በሌላኛው ይዞራል። ይህን ስነግራቸው ወጣቶቹ "አያናድድም?" አሉኝ። ለምን ያናድደኛል? ተጠምቄ፣ ቆርቤ፣ ዕድሜ ልኬን ጾሜ እኔ ራሴ መቅደስ ውስጥ ገብቼ አላውቅም፣ ካህን አይደለሁማ። መጋረጃ ባለበት ቤት ያደገ ሰው የሌላውን መጋረጃ ሲያይ ሊገባው ይገባል። ደግሞም የተኮስኩት አንሶላ በየቀኑ መካ ያድር ነበር።

አሁን ወደ አስካለ ልምጣ።

አስካለ የቄስ ልጅ ናት፣ ከደብረ ታቦር ወዲያ ካለ ገጠር። ጅዳ ውስጥ ለብዙ ዓመት የቤት ሠራተኛ ሆና ኖራለች። ማዳሟ ክፉ ሴት አልነበረችም፣ ስትወጣ ግን በሩን ትቆልፋለች። ኢቃማዋ ወደ እጥበት ቤቱ ተዛውሮ ልብስ አጣፊ ሆና ስትመጣ ያገኘችው ትልቁ ነገር ዓርብ ነው። በራሷ እግር ሄዳ ሰው መካከል ቆማ መጸለይ። መጀመሪያ የመጣች ዓርብ ድምፅዋን ዝቅ ማድረግ አቅቷት እጃችንን አፋችን ላይ አድርገን ስንለምናት ነበር። አገር ቤት ነርስነት የምትማር ልጅም አለቻት፤ ያቺን ሥራ ብታጣ የዓርቡም የልጇም ነገር አለቀ ማለት ነው።

የሐጅ ሰሞን ነው፣ ለኛ ደግሞ የሰኔ ጾም። ከኩዳይ አንድ ሆቴል የአዛውንት ሐጃጆች ኢህራም መጣ፣ ከወሎ የመጡ ቡድን። ኢህራም ወንዶቹ ለሐጅ የሚለብሱት ያልተሰፋ ነጭ ጨርቅ ነው፣ ሁለት ቁራጭ። ሽማግሌዎቹ ዑምራቸውን፣ ማለት ትንሹን ሐጅ፣ ፈጽመው አውልቀውታል፤ ታጥቦ ይመለስና በማግሥቱ ጠዋት እንደገና ለብሰው የሐጁ ሥርዓት ወደሚጀመርበት ወደ ሚና ይወጣሉ። ጋሽ ሰይድ ለአስካለ "በዚህ ላይ የፋብሪካውን ሽቶ እንዳታደርጊበት" ብለዋት ሄዱ። በዚያ አገር ልብስ ታጥቦ ሽቶ ሳይረጭ አይወጣም፤ የሷም የየቀን ሥራ እሱ ነበር። እኔ ኢቃማዬን ለማሳደስ ሄጄ አልነበርኩም።

ጠዋት ከረጢቶቹ ታስረው ተደርድረዋል። ጋሽ ሰይድ የታሰረ ነገር ፈትተው ሳያዩ አይጭኑም። አንዱን ፈቱ፣ ጎንበስ አሉ፣ ቀና አሉ።

"ይህን ያጠፈው ማን ነው?"

"እኔ ነኝ፣ ጋሽ ሰይድ" አለች አስካለ፣ ምስጋና እንደሚጠብቅ ሰው ፈገግ ብላ።

"ሽቶ ሸተተኝ።"

"የፋብሪካውን እንኳ አላደረግሁበትም። አይሁን አላሉኝም? ማወርድ ነው፣ ንጹሑ የጽጌረዳ ውሃ። ከራሴ።"

"ያ ጀሊሉ" አሉ ቀስ ብለው፣ ከረጢቱም ላይ ቁጭ አሉ።

የኢህራም ሕጉ ይህ ነው፤ ሽቶ አይነካውም። ሽቶ የነካው ጨርቅ የለበሰ ሐጃጅ ሐጁ ላይ ጥፋት ይቆጠርበታል። አስካለ ግን ያሰበችው እንደ ቄስ ልጅ ነው። አባቷ ቤት ያየችው ለእግዚአብሔር ቤት የተቀላቀለ ነገር እንደማይገባ ነው፤ ዕጣኑ ንጹሕ፣ ዘይቱ ንጹሕ። ስለዚህ "የፋብሪካውን አታድርጊ" ሲሏት "ርካሽ ነገር አይሆንም፣ የተሻለውን አምጪ" ማለታቸው መሰላት። ገንዘቧን አውጥታ የተሻለውን ገዛች። ኢህራሞቹን አንድ በአንድ እየሳመች ሳትረጭ አልቀረችም። እንዲህ ያለ ስሕተት የሚሠራው በደንብ ያደገ ሰው ብቻ ነው።

ሙዲሩ ሰምቶ መጣ፣ ኡስታዝ ሐምዲ የሚባል ግብፃዊ፤ ሥራ አስኪያጃችን ነው። እሱ ያየው የቄስ ልጅ ሳይሆን የሐጃጅ ልብስ ያበላሸች ክርስቲያን ነው።

"ሆን ብላ ነው" አለ በዐረብኛ። "ማን አዘዛት?"

"እኔ ነኝ ያደረግሁት። ለእግዚአብሔር ቤት ስለሆነ ነው" አለች በዚያ በኩሽና ዐረብኛዋ።

እንዲያ ማለቷ አባሰበት። አሳብባ ብታለቅስ ይሻላት ነበር፤ ግን ማሳበብ አልተማረችም። ሙዲሩ ወደኔ ዞረ። ከሰዓት በኋላ ከሚሰገደው ከአስር ሰላት በፊት ኢህራሞቹ ሁሉ፣ አንድም ሳይጎድል፣ ሽታቸው ጠፍቶ መኪና ላይ ካልወጡ አስካለ ወደ አገሯ ትሳፈራለች አለ። ምክንያቱንም በወረቀቷ ላይ እጽፈዋለሁ አለ። ምክንያቱ ምን ተብሎ እንደሚጻፍ ሁላችንም ገብቶናል።

ሥራ ጀመርን። ሽታ በችኮላ አይወጣም፤ በጉልበት ያሸኸው እንደሆነ ወደ ውስጥ ትነዳዋለህ። ኮምጣጤ ጠብ ባለበት ውሃ፣ ቀጥሎ በንጹሕ ውሃ፣ እንደገና በንጹሕ ውሃ፣ ከዚያ ሰገነቱ ላይ ለፀሐይ። የጅዳ ሰኔ ለአንድ ነገር ይጠቅማል። ጋሽ ሰይድ እያንዳንዱን ዐይናቸውን ጨፍነው ያሸታሉ።

"ይመለስ።"

"ኧረ ጋሽ ሰይድ፣ እኔ ምንም አይሸተኝም።"

"ያንተን አፍንጫ በረኪና በልቶታል። ይመለስ።"

አስካለ ጨርቁን እየጨመቀች ሳይሆን እያነቀችው ነበር። "አስካለ፣ ዛሬ ጾመኛ ነሽ?" አልኳት። "አዎ፣ ጋሼ።" "እንግዲያው ከጨርቁ ጋር አብረሽ ጸልዪ፣ እኔም አለሁ።" ገንዳው ላይ ጎንበስ ብለን በሹክሹክታ እግዚኦ እያልን ቀጠልን። እጇ እየቀለላት ሄደ። ሙዲሩ በበሩ ሲያልፍ ቆመ።

"ምን እያለች ነው?"

"ዚክር ነው፣ ኡስታዝ" አሉት ጋሽ ሰይድ። "ጌታዋን እያወሳች ነው። ከፈለግህ አንተም ተቀላቀል፣ ገንዳው ሰፊ ነው።"

ከሰዓት በኋላ አንድ ብቻ ቀረ፣ የሼህ ይማም። ሼህ ይማም ጋሽ ሰይድን በእናታቸው ወገን የሚዛመዱ ሽማግሌ ናቸው። ኢህራሙ ወፍራም የፎጣ ጨርቅ ነበር፣ ሽታን አጥብቆ የሚይዝ ዓይነት፣ መካከሉ ላይ በእርጅና የሳሳ። ከዚህ በፊት ለዑምራ የመጡበት ነው። ከሐጅ በኋላም ለከፈናቸው፣ ማለት ለመገነዣቸው ሊያስቀምጡት አስበዋል። ይህን ሁሉ ጋሽ ሰይድ ያውቁ ነበር። ለዚህ ነው "ይህን እኔ እተኩሰዋለሁ፣ የቀረውን ሽታ ትኩሱ ያወጣዋል" ብለው ከስንት ዓመት በኋላ ካውያ ያነሡት። መዳፋቸውን አሳረፉ። የሳሳውን ቦታ አገኙት። ብረቱን ዝግ አድርገው ማስኬድ ጀመሩ።

ሙዲሩ ከበሩ ላይ "ያላ ሰይድ፣ አንተ መካ ትደርሳለህ ወይስ እኔ ነስራኒያዋን ኤርፖርት ላድርሳት?" አለ። ነስራኒያ የሚለው ክርስቲያኗን ነው።

ጋሽ ሰይድ ዞሩ። ካውያው በእጃቸው እያለ፣ ጨርቁ ላይ እያለ፣ በአማርኛ ተናገሩት። ምን እንዳሉት አልጽፍም፤ ከወሎ ከእናታቸው ጋር የመጣ ነገር ነው። ሙዲሩ አልገባውም። እኔ ግን ሳዳምጥ ቆየሁ፣ ደስ ብሎኝ። የቃጠሎው ሽታ ሲመጣ ነው የነቃነው።

ልክ የሳሳው ቦታ ላይ የካውያው አፍንጫ ቡናማ ሆኖ ተቀምጧል። ሎሚ ሞከርኩ፣ ፀሐይ ሞከርኩ፤ ጨርቁን የበላ ቃጠሎ አይለቅም። ጋሽ ሰይድ ወለሉ ላይ ተቀምጠው መዳፋቸውን ያያሉ። "በስንት ዘመኔ" ይላሉ። "በስንት ዘመኔ፣ ለዚያውም የሰውየውን ከፈን።"

የኔ ተራ ነበር። ሙዲሩ ፊት ቆሜ ብዙ ነገር ለመናገር የሚያስችል ዐረብኛ ነበረኝ፤ መምህር ስለነበርኩም በቅደም ተከተል እናገረው ነበር። ግን ውስጤ አንድ ነገር ወረደ፣ እንደዚያ እንደ ሩዋይሱ መዝጊያ፣ ከጀርባውም ያ የለመድኩት ጨለማና ጸሎት ነበር። ትዕግሥትን የማውቀው እንዲህ ነው። ቁጣ አለመኖሩ አይደለም፤ ቁጣው ውጭ ቆሞ ያንኳኳል፣ አንተ ግን ውስጥ ሥራ ላይ ነህ። ይህን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም። ጋሽ ሰይድ ሰዓቱን ሰጡኝ፣ ቤተ ክርስቲያኔ ቃሉን፤ ከዚያ ያለፈውን ክርስቶስ ይወቀው። ኢህራሙን አጠፍኩት። ጠባሳውን ወደ ውስጥ አልደበቅሁትም፣ ወደ ላይ አደረግሁት። ቀና ብዬ ጋሽ ሰይድን በእጃቸው ይዤ አነሣኋቸው።

"ይሂዱ፣ ሰዓት አለ። ለሼህ ይማም ያለውን እንዳለ ይንገሯቸው።"

"አንድ ጎደለ" አለ ሙዲሩ። "ከዒድ በኋላ ትሳፈራለች።"

ዒዱ እስኪያልፍ መጠበቅ ነበር። ጋሽ ሰይድ መካ ቀሩ፣ መንገዱ ሁሉ ሐጃጅ ስለሆነ። አስካለ ሻንጣዋን አሰረች። አስራም ሥራ ገባች፣ በየቀኑ፣ በሰዓቷ። ያጠፈችውን አንሶላ አይቼዋለሁ፤ ጥጉ በጥጉ ላይ ልክ የገባ፣ ነገ እንደሚባረር ሰው ሥራ አይደለም። ስለ ትዕግሥት ስጠየቅ የማስበው ይህንን ነው፤ ሻንጣ አስሮ አንሶላ ማጠፍ።

"ጋሼ፣ እግዚአብሔር ተቀይሞኝ ይሆን?" አለችኝ አንድ ቀን ገንዳው አጠገብ።

"ማወርድ ስለረጩለት የሚቀየም አምላክ አላውቅም።"

"ልቅር አልልም። ሰው ጎድቼ መሄዱ ነው የከበደኝ። ሽማግሌው ምን ለብሰው ወጡ ይሆን?"

መልሱን ጋሽ ሰይድ ይዘውት መጡ፣ ከዒድ በኋላ፣ ከረጢት ተሸክመው። ካውያ በእጃቸው ስላልነበረ እንደፈለጉ አወሩ። ከራሳቸው ሣጥን ያልተነካ ኢህራም ይዘው ነበር ኩዳይ የሄዱት፣ ለሼህ ይማም ሊሰጡ። ሽማግሌው የተቃጠለውን ተቀብለው በጣታቸው ነካክተው፣ አሽትተው ጠየቁ።

"ማነው ያቃጠለው?"

"እኔ ነኝ፣ ይማሩኝ።"

"ሽቶስ ነበረበት ያልከኝ፣ ማን ያደረገው?"

"አንዲት የክርስቲያን፣ የቄስ ልጅ። ለአላህ ቤት የሚሄድ መስሏት።"

"መስሏትማ አይደለም" አሉ ሼህ ይማም። "ለአላህ ቤትማ ሄዷል።"

የጋሽ ሰይድን አዲስ ኢህራም መለሱላቸው። የተከለከለው ሽቶ እንጂ ጠባሳ አይደለም ብለው ያንኑ ለብሰው ወጡ፤ የካውያው አፍንጫ ትከሻቸው ላይ ሆኖ ዐረፋም ቆመ ሚናም አደረ። ሐጃቸውን ጨርሰው ሲያወልቁ ጋሽ ሰይድን አስጠሩ።

"አሁን ከኢህራም ወጥቻለሁ" አሏቸው። "ከእንግዲህ ይህ ከፈኔ ነው፣ ከፈን ደግሞ ሽቶ ይፈቀድለታል። ታጥቦ ይምጣልኝ፤ ያቺ የቄስ ልጅ የጀመረችውን ትጨርስልኝ።"

ይህን የሰሙ የቡድኑ ሽማግሌዎች የኔም፣ የኔም አሉ። ከረጢቱ የሞላው እንዲያ ነው። የሆቴሉ ሰውዬ ለሙዲሩ ስልክ ደውሎ "ያቺ የማወርዷ ሠራተኛ ትሥራው" ብሎ አዝዞ ነበር።

የከረጢቱን ጨርቆች አጥበን ተኩሰን ስንጨርስ ሙዲሩ ወደ ትኮሳው ክፍል ገባ። ነጋዴ ነው፤ ይህን ስድብ አድርጌ አልጽፈውም፣ ያን ቀን የጠቀመን ነጋዴነቱ ነው። ከረጢቱን አየ፣ አስካለን አየ፣ ጠረጴዛው ላይ ታጥበውና ተተኩሰው የተደረደሩትን ነጫጭ ጨርቆች አየ። ይቅርታ አልጠየቀም።

"ተሾመ፣ ጉዞው ኸላስ፣ ቀርቷል በላት" አለኝ። "ማወርዱንም እጥበት ቤቱ ይግዛላት። ጥሩውን።"

ተረጎምኩላት፣ የተረዳች ቢሆንም። አስካለ እጇን ታጠበች፣ በነጠላዋ ጫፍ አደረቀች። ከኪሷ የራሷን ጠርሙስ አወጣች፣ ከግማሽ በታች የቀረ።

"ለሌሎቹ ይግዛ" አለች። "የሼህ ይማም ግን ከራሴ ነው በለው።"

ነገርኩት። ሙዲሩ ትከሻውን ነቅንቆ "ጠይብ፣ እሺ" አለ፤ ግን አልወጣም፣ ቆሞ ያይ ጀመር። ጋሽ ሰይድ ጨርቁን በሁለት እጃቸው ዘርግተው ያዙላት። አስካለ ክዳኑን ከፈተችና መጀመሪያ በተቃጠለው በኩል ረጨች።